ፐርስፔክቲቭ ያሳነሳቸው ላሞች

ሥራዬ መቃብር ላይ መሳል ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ቀለም ቀቢ ነኝ» ብዬ አልፈዋለሁ፤ እንጀራዬ ግን ከሟች ነው። ከአሰላ ወደ በቆጂ ስትሄዱ ገብሱ መሐል በሲሚንቶ የተገነቡ፣ ፈረሰኛና ከብት የተሳለባቸው መቃብሮች በመኪና መስኮት ታያላችሁ። ብዙዎቹ የእኔ እጅ ናቸው። መንገደኛው ወርዶ ፎቶ ያነሳቸዋል። ማን ሠራቸው ብሎ የጠየቀ የለም።

ፊደል የቆጠርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሟቹን ስም ልጆቹ ወረቀት ላይ ይጽፉልኛል፣ እኔ ደግሞ የበሬ ቀንድ እንደምስለው እያየሁ እስለዋለሁ። ማንበብ ስችል ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ተናደድኩ እንጂ ደስ አላለኝም። ሰው ያንን ሁሉ ዘመን እያነበበልኝ ስንቱን እንደዘለለብኝ ያን ጊዜ ገባኝ።

አማርኛውን ያዝኩ ስል እንግሊዝኛው መጣ። የሥራ ፈቃዴን ላሳድስ ስሄድ የብቃት ምዘና ካላለፍክ አይሆንም ተባልኩ። ካላለፍኩ በራሴ ስም መሥራት የለም፤ ፈቃድ ላለው ሰው በቀን ሥራ እቀባለሁ። ፈቃድ ያለው ደግሞ ብሩሽ አያያዝ ያስተማርኩት ሰውዬ ነው። ከእሱ ሥር ከምገባ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ይሻለኛል አልኩ። መዛኙ የሠራኸውን ቦታው ድረስ መጥቶ ያያል፣ የእያንዳንዱን ነገር ስም በእንግሊዝኛ ይጠይቅሃል አሉኝ። ተመዘገብኩ።

ለምዘናው የተመዘገብነውን ቃላቱን የምታስተምረን ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ናት፤ ስዕል በዲግሪ የተማረች። ከሰዓት በኋላ ከገበያው ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ክፍል ታስተምረናለች። አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ብርቱካንና ማሰሮ ያለበት ስዕል አሳየችን።

«ይሄ ስቲል ላይፍ ይባላል፣ ጋሼ።»

«ማን ሞቶ ነው?» አልኳት።

«ኧረ ማንም አልሞተም!»

«ታዲያ ማን ያሠራዋል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ አጠገቤ የሚቀመጠው የፀጉር ቤት ማስታወቂያ ሠሪ «ጋሼ ማን ሞተ፣ ደህና ዋሉ?» ይለኝ ጀመር። ይበል። ቃሉ ግን ገባልኝ።

ችግሩ ቃላቱ አላስቀምጥ አሉኝ። ምሳ ቀርቦ ፖርትሬት፣ ስኬች፣ ሼዲንግ እያልኩ እነሳለሁ፣ ደጅ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። እስክሪብቶ እጄ ላይ ስለሚከብደኝ ቃላቱን በብሩሽ ከቤቴ ጀርባ ግድግዳ ላይ እጽፋቸዋለሁ። ባለቤቴ «የጠንቋይ ቤት አስመሰልከው፣ ሰው ምን ይለናል?» ትላለች። ሚኒባስ ውስጥ «ፎርግራውንድ ከፊት፣ ባክግራውንድ ከኋላ» ስል አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ተነስቶ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ያበላሸኝ ግን ፐርስፔክቲቭ ነው። መምህርቷ አስፋልቱ ዳር አውጥታ የመብራት ምሰሶዎቹን አሳየችን። «የቅርቡ ትልቅ፣ የሩቁ ትንሽ። ዓይናችሁ የሚያየውን ነው እጃችሁ የሚሠራው። መዛኙም ሥራችሁ ላይ ይሄንን ይፈልጋል» አለች። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። እውነቷን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ነገር ነው፤ አንድ ቀን ሠርቼው አላውቅም። እጄን በላኝ።

በዚያው ሳምንት ከጭላሎ ተራራ ግርጌ አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት መቃብሩን አሠራችኝ። ባሏ በከብት የታወቀ ሰው ነበር። ለምዘናው የማሳየው ሥራ ይሄ ነው ብዬ መዛኙን ለሐሙስ ቀጠርኩት። ሰውየውን በፈረሱ ላይ ከፊት አደረግኩት፣ ላሞቹን ደግሞ ከኋላው ወደ ተራራው እያሳነስኩ፣ እያሳነስኩ ወሰድኳቸው። የመጨረሻዋ ጥፍሬን አታክልም። ወደ ኋላ ሸሽቼ ሳየው ግድግዳው ተከፍቶ ሜዳ የሆነ መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ሴትዮዋ ከዘራዋን ይዛ መጣች። ከዘራዋን ወደ ላሞቹ ቀሰረች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከብቶቹ ናቸው፣ እናቴ።»

«የማን?»

«የባለቤትዎ ነዋ።»

«የባለቤቴ ላም ፍየል ታክላለች?»

«ሩቅ ስላሉ ነው።»

«ማን አራቃቸው? እሱ እያለ ከደጁ ርቀው አያውቁም። ዛሬ አፈር ሲለብስ ነው የተነዱበት?»

«ፐርስፔክቲቭ ይባላል፣ እናቴ፣ ዓይን—»

«ስሙን አልጠየቅሁህም። መንገደኛው ምን ይላል? ድርቅ የጨረሰበት ምስኪን ይላል! አሳድጋቸው።»

እኛ አገር መቃብር ላይ ከብት የሚሳለው ለጌጥ አይደለም። የሟቹ ክብር ነው፤ አላፊው ቆሞ ይመለከተዋል፣ ይመሰክርለታል። ላሟ ከፈረሱ እኩል ቆማ፣ አራት እግሯም ሙሉ ጡቷም መታየት አለበት። ይሄንን እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ቃሉ አስረሳኝ።

«ሐሙስ ይለፍልኝ፣ ዓርብ አሳድጋቸዋለሁ» ብዬ ለመንኳት።

«ሰደቃው ነገ ረቡዕ ነው። ዘመዱ ሁሉ ይመጣል። ፍየል አላሳያቸውም» ብላ ሄደች።

ለመምህርቷ ደውዬ ነገርኳት። «ጋሼ፣ በናትዎ እስከ ሐሙስ ያቆዩት» አለችኝ።

«ሴትዮዋን ነው ሟቹን?»

መልሷን ሳልጠብቅ ስልኩን ዘጋሁ። መቃብሩን ስዞር፣ ስዞር ዋልኩ። ሴትዮዋ ብትሳሳት ኖሮ እጣላት ነበር፤ ግን አልተሳሳተችም። እኔም አልተሳሳትኩም። ያሳበደኝ ይሄ ነው። ሟቹ የእሷ ነው፣ ፈቃዱ የእኔ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነጭ ቀለም ደፋሁበትና ሜዳዬን አጠፋሁት። በማግስቱ ጠዋት ላሞቹን ከፈረሱ እኩል አቆምኳቸው። ዘመዶቹ ለሰደቃው ሲደርሱ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። አንዱ ሽማግሌ ላሟ ፊት ቆሞ በኦሮምኛ በስሟ ጠራት።

ሐሙስ መዛኙ በአዲስ ጫማ ጭቃውን እየዘለለ መጣ። የጠየቀኝን ሁሉ መለስኩ፤ ሙራል፣ ፖርትሬት፣ ዲኮራቲቭ፣ አንድም አልሳትኩም። መጨረሻ ላይ «ፐርስፔክቲቩን ያሳዩኝ» አለኝ።

«ከሥር ነው ያለው።»

«ከምን ሥር?»

«ከላሞቹ። ቀብቼበታለሁ።»

ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ። «ጋሼ፣ ቃሉን ያውቁታል። ያላየሁትን ግን አየሁ ብዬ መፈረም አልችልም።»

«ፈርም አላልኩህም» አልኩት። ወረቀቱ ላይ «ገና ያልበቃ» ብሎ ጻፈልኝ። ሁለቱንም ቃል ራሴ አነበብኳቸው።

አሁን በዚያ ብሩሽ ባስያዝኩት ሰውዬ ፈቃድ እየሠራሁ ነው። ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል፤ ቢስቅብኝ ይቀለኝ ነበር። ለድጋሚ ምዘና ተመዝግቤያለሁ፤ የሚሆን ግድግዳ ፍለጋ መንደር ለመንደር ስዞር ከረምኩ። ከብቱ እንዲርቅለት የሚፈልግ ቤተሰብ አላገኘሁም። ባለፈው በቆጂ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ግድግዳውን አሳይቶኝ «ተራራውን እስከፈለግክበት አርቀው፣ ወፍጮዬን ብቻ እንዳታሳንስብኝ» አለኝ። ሰኞ እጀምራለሁ።