እንደ ከርከሮ የሚጮኸው አንቲቫይረስ

እኔ ነገር ቶሎ የሚያናድደኝ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ የጫማውን ክር አስሮ የሚወጣ ዓይነት ነው። ኮምፒውተራችን በቫይረስ ታሞ ወልድያ ደርሶ የተመለሰ ጊዜ ይህ ልዩነታችን ቤቱን አላስቀምጥ አለው። ሠሪው በውስጡ የነበረውን ሁሉ አጥፍቶ ባዶውን ነበር የላከልን። የሠርጋችን ፎቶ ሄደ፣ ባለቤቴ ለተማሪዎቹ ያዘጋጃቸው ፈተናዎች ሄዱ። እኔን ግን ከሁሉ በላይ የቆጨኝ የእኛ ያልሆነ ነገር ነው።

ነገሩ የጎረቤታችን ነበር። ከአጎራባቹ ዝቋላ ወረዳ እኛ ወዳለንበት ሰቆጣ የገቡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ እማማ እያልን ነው የምንጠራቸው። አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ሰው ቤት ልትሠራ ከሄደች ቆይታለች። አሠሪዎቿ እንደ ልቧ አያስደውሏትም፤ ስትደውልም «እማዬ» ከማለቷ መስመሩ ይቆረጣል። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከገባ በኋላ ግን አብራት የሠራች ልጅ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ልጃቸው ራሷን በሞባይል ቀርጻ በእሷ እጅ በፍላሽ ላከችላቸው። እማማ ፍላሿን በክር አስረው ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሏት። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኛ ቤት ይመጣሉ፣ ኮምፒውተሩ የለበሰውን ዳንቴል በገዛ እጃቸው ይገልጣሉ፣ ተቀምጠው ልጃቸውን ያያሉ።

ቪዲዮዋ አጭር ናት። ልጅቱ ነጭ ግድግዳ ባለው ማድ ቤት ቆማ በአገውኛ ትናገራለች። እኔ ከደሴ በሥራ ተመድቤ የመጣሁ ነኝና ቋንቋውን ያኔ ገና እየለቃቀምኩት ነበር፤ የአገሩ ልጅ የሆነው ባለቤቴ ይተረጉምልኛል። «ደህና ነኝ፣ ወፍሬያለሁ፣ አታስቢ» ነው የምትለው። እማማ ግን ቃሏን ብዙም አያዳምጡም። ሻሿን ለማስተካከል እጇን ከፍ ስታደርግ ባለቤቴን «እዚህ ላይ አቁምልኝ» ይሉታል። ጣቷ ላይ የታሰረ ጨርቅ አለ። እሱን ያዩታል፣ ያዩታል፤ ከዚያ «ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይነሳሉ።

እኛ ኮምፒውተር ላይ የነበረው ግልባጭ ከሌላው ጋር አብሮ ስለጠፋ፣ የቀረችው አንገታቸው ላይ ያለችው ብቻ ሆነች። እሷ ደግሞ ንጹሕ ናት ብሎ የሚምል ሰው ሰቆጣ ውስጥ አይገኝም፤ ዘፈን ቤትም ፎቶ ቤትም ስትሰካ ነው የከረመችው። ስለዚህ ባለቤቴ «አንቲቫይረስ ሳይጫን ምንም ፍላሽ እዚህ አይሰካም» ብሎ አወጀ። በቤታችን አዋጅ ማውጣት የእኔ ሥራ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እኔም ተስማማሁ።

ኢንተርኔት በሌለው ቤት ምርጫ ማለት ከወልድያ በአውቶቡስ የሚመጣው ሲዲ ነው። የአውቶቡሱ ሾፌር ሁለት ሲዲ አመጣልን፤ ውለታውን ይክፈለው። አንደኛው አንቲቫይረስ ዝምተኛ ነው፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል። ሁለተኛው ቫይረስ ሲያገኝ ይጮኻል። ጩኸቱን ባለቤቴ ትምህርት ቤት ሰምቶት ኖሮ አስመስሎ አሰማኝ፤ ሊታረድ የተያዘ አሳማ ጩኸት ነው።

«በስመ አብ!» አልኩ። ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ደጅ ላይ አቁመው አይፈትሹትም። የእማማ ፍላሽ ጭራሽ ከማተብ ጋር የታሰረች ናት። ከቅዳሴ መልስ እሷን ስንሰካ ቤቴ ውስጥ አሳማ ቢጮኽ፣ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?

ባለቤቴ አገጩን አሻሸና «እኔ ዝምተኛውን አላመንኩትም» አለ።

«አንተም ዝምተኛ ነህ፤ አምኜ አግብቼህ የለ?» ብዬ ረታሁት። ዝምተኛው ተጫነ።

እሑድ እማማ መጡ። ፍላሿን ሰካናት፣ ከፈትናት። ባዶ ናት። ባለቤቴ ነቅሎ እንደገና ሰካ። አሁንም ባዶ።

«ልጄስ?» አሉ እማማ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ሳያነሱ «የት አደረጋችኋት?» አሉ።

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ በአገውኛ ቀስ ብሎ ሲያባብላቸው፣ ፍላሿ እኛ ዘንድ ትሰንብት ሲላቸው እሰማለሁ። እማማ ክሩን ከአንገታቸው አውልቀው መዳፉ ላይ አኖሩለት። ሲሄዱ በመስኮት አየኋቸው፤ በአንድ እጃቸው አንገታቸውን እየዳበሱ ነበር።

በዚያ ሰሞን ባለቤቴ «የመረጥሺው አንቺ ነሽ» አላለኝም። እኔ ብሆን ኖሮ ዓመቱን ሙሉ እለው ነበር። ያን ባለማለቱ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሮቹን ያስቀምጥና ኮምፒውተሩን መነካካት ይጀምራል፤ እኔ ሻይ አቀርብለታለሁ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲህ ሲነካካ የተደበቀ ነገር አሳየኝ የሚባልበት ቦታ አገኘ። ሲነካው ቪዲዮዋ ያለችበት ፎልደር ደብዘዝ ብሎ ብቅ አለ።

ነገሩ ኋላ ነው የገባን። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ፣ በስሙ ሐሰተኛ አስቀምጦ ነበር። ዝምተኛው አንቲቫይረስ ሐሰተኛውን ጠራርጎ ጣለና እውነተኛውን እንደተደበቀ ተወው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ትንፍሽ አላለም። ልጅቱ ማድ ቤት ቆማ ሻሿን ስታስተካክል ሳያት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ባለቤቴ ኮምፒውተሩም ላይ፣ ሲዲም ላይ ገለበጣትና ፍላሿን ይዞ ወደ እማማ ቤት ሮጠ። ያ ሰውዬ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ዝምተኛውን አውጥቶ የሚጮኸውን ጫነ። «እሺ፣ ስፒከሩን እንኳ እናጥፋው» ብዬ ለመንኩት።

«ድምፁን ካጠፋነው ምኑን መረጥነው?» አለኝ።

እሑድ ደረሰ። እማማ ለካ በመሐሉ፣ ከዝቋላ ለገበያ የወጣ ወንድማቸው የእህቱን ልጅ እንዲያያት ብለው ፍላሿን ፎቶ ቤት ወስደዋት ኖሯል። እኛ ይህን አናውቅም። ባለቤቴ ተረጋግቶ ሰካት።

ጮኸ! እንዴት ያለ ጩኸት! እማማ ከወንበራቸው ተፈናጥረው ተነሱ። «ከርከሮ!» አሉ፤ ዓይናቸው ዱላ ይፈልጋል፣ «ሁሽ! ሁሽ!» ይላሉ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አይፍሩ እናቴ፣ ጠባቂው ነው» አላቸው ባለቤቴ። «ፍላሿ ላይ ሌባ አግኝቶ ነው የሚጮኸው።»

«ጠባቂው? ታዲያ ጠባቂው ምነው በከርከሮ አፍ ይጮኻል?» ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። «እኛ ዝቋላ ማሽላ ስንጠብቅ ማማ ላይ ሆነን የምንጮኽ እኛ ነን። ከርከሮውማ ዝም ብሎ ነው የሚበላ። ይኸን የሠራው ሰው ማሽላ ጠብቆ አያውቅም!»

ብለው ሳቁ። ሳቃቸው እኔንም ያዘኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር አብሮ ወጣልኝ። አንቲቫይረሱ ጩኸቱን ሲጨርስ ምን ላድርገው ብሎ ስክሪኑ ላይ ጠየቀ። ባለቤቴ ሌባውን አውጣው አለው፤ የተደበቀውንም አሁን መንገዱን ስላወቀው ገለጠው። ልጅቱ መጣች፣ ተናገረች፣ እጇን አነሳች። «እዚህ ላይ አቁምልኝ» አሉ እማማ።

ከሌላው ጊዜ አብልጠው አዩት። ከዚያ እኔ እንድሰማ ይመስለኛል፣ በአማርኛ «ልጄ» አሉኝ፣ «እሷ ባለችበት ቤት ክፉ ሲነካት እንዲህ የሚጮኽላት አለ ብለሽ ነው?»

ጉልበታቸውን ያዝኩ፤ እሳቸው እጄን መታ መታ አደረጉና «ተመስገን፣ እዚህ እንኳ የሚጮኽላት አገኘች። ድምፁን እንዳትቀንሱት» አሉ።

አልቀነስነውም። እንግዳ ሲደነግጥ እንስቃለን፤ የሰፈሩ ሰው ከርከሮ ያረባሉ ብሎ ሲቀልድብን ኖረ። ስፈራው የነበረው ኀፍረት አንድም ቀን አልመጣም። ፍላሹ የጮኸበት ሰው ሁሉ ስቆ፣ ጠርገን ስንመልስለት መርቆን ነው የሄደ። ያ ሁሉ ምርቃት ለእኛ አይገባም ነበር፤ ግን ተቀበልነው።

ልጅቱ ከዓመታት በኋላ በሰላም ገባች። እማማ በማግሥቱ እጇን ይዘው አመጧት። ፍላሿን ከአንገታቸው አወለቁና ለባለቤቴ ሰጡት። «አስጩኽላት፣ ትስማው» አሉት።

ሰካት። ዝም። ፍላሿ በዚያ ቀን ንጹሕ ሆና ተገኘች። ባለቤቴ እንደ ጥፋተኛ አቀረቀረ። እማማ ኮምፒውተሩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ዳንቴሉን በእጃቸው እንደያዙ፣ ራሳቸው አፋቸውን ከፍተው እንደ ከርከሮ ጮኹላት።

ልጅቱ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥላ ሳቀች፤ በሳቋ መሐል ለቅሶ መጣባትና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጨርቅ የነበረበት ጣቷ ላይ ጠባሳ አለ። እማማ እጇን ከፊቷ ላይ አውርደው በሁለት እጃቸው ያዙት። በዚያን ቀን ባለቤቴን አቁምልኝ አላሉትም።