ገበያ መሃል የደበደበኝ ሰው

ባለፈው ክረምት ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ሰው ሊገድለኝ ነበር። ምንም ሳልሰርቅ... እንደ ሌባ።

አስተማሪ ነኝ። ከጎጃም መጥቼ እዚህ መኖር ከጀመርኩ ቆየሁ። ሰው የሚበዛበት ቦታ ስገባ፣ በተለይ ቶሎ መውጣት የማልችልበት ከሆነ፣ ልቤ ደረቴን ሰብሮ ሊወጣ ይደርሳል። ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ አሁን ሞትኩ እላለሁ። ስለዚህ ገበያ አልወጣም፣ ሚኒባስ አልሳፈርም። ወልቂጤ ስብሰባ ሲጠሩኝ ሁሌ «አሞኛል» ነው መልሴ። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት... እሱንም በጓሮ መንገድ። ሰው «ቁጥብ ነው» ይለኛል። ጉዱን የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ወይንሸት ብቻ ነን።

ያን ቀን ወይንሸት አራስ ነበረች። ቤት ውስጥ ሽንኩርት አልቋል።

«ጎረቤት እልካለሁ፣ ተወው» አለችኝ።

«እኔ እሄዳለሁ። አባት ሆኛለሁ እኮ!» አልኳት። ጉረኛ...

ሽንኩርቱን ገዝቼ በርበሬ ተራ እስክደርስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ አንድ አይሱዙ ወደ ኋላ እየመጣ መውጫውን ዘጋው። ሰው ከፊትም ከኋላም ተጨናነቀ። ላቤ ጀርባዬ ላይ ወረደ። አይኔ ጨለመብኝ። ሽንኩርቱን ጥዬ ሮጥኩ! ሰው ገፈተርኩ፣ የአንዷን በርበሬ ረግጬ በተንኩ።

«ሌባ! ያዘው!» አለ አንዱ።

የመጀመሪያው ዱላ ጀርባዬ ላይ አረፈ። ጭቃው ላይ በፊቴ ተደፋሁ። ከዚያ በኋላ ማን እንደመታኝ አላውቅም... ከአንዱ በስተቀር። ግዙፍ ሰው ነው፣ ጭነት የሚያወርድ። ጎኔን በጫማው ሲለኝ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ። አጥንቴ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። አንገቴን ይዞ አነሳኝና በቡጢ ከንፈሬን ቀደደው። «አስተማሪ ነኝ» ልል እሞክራለሁ፣ አፌ በደም ተሞልቷል።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ከዱላው ይልቅ ያስጨነቀኝ ዙሪያዬን መከበቤ ነበር።

ያተረፈችኝ በርበሬዋን የበተንኩባት ሴትዮ ናት። እላዬ ላይ ወድቃ ጮኸች። «የልጄ አስተማሪ ነው! ገደላችሁት እኮ! ማነው የተሰረቀ? እስቲ እጁን ያውጣ!»

አንድም እጅ አልወጣም። የተሰረቀ ሰው የለም።

ሆስፒታል ከንፈሬን የምትሰፋው ሐኪም «ካልሰረቁ ለምን ሮጡ?» አለችኝ። ከወይንሸት ሌላ ለማንም ያልተናገርኩትን ዘረገፍኩላት።

መርፌዋን አቁማ ሰማችኝ። «ይሄ እኮ በሽታ ነው። አጎራፎቢያ ይባላል። ይታከማል። እዚሁ ግቢ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ፣ እልክዎታለሁ።»

«አእምሮ» የሚለውን ስሰማ ከዱላው በላይ ደነገጥኩ። ቤት ገብቼ አልሄድም አልኩ። ወይንሸት ሕፃኑን ታቅፋ «እብድ ይበሉህ! ሬሳህን ከሚያመጡልኝ ይሻለኛል» ብላ አለቀሰች። ሄድኩ።

ባለሙያው ረጋ ያለ ሰው ነው። «በሸሸህ ቁጥር ፍርሃቱ ይጠነክራል። በትንሽ በትንሹ ትገባለህ፣ እስኪበርድልህ ትቆያለህ። መጀመሪያ አካባቢ አብሮህ የሚሄድ ሰው ፈልግ» አለኝ።

ማንን? ዘመዶቼ ጎጃም፣ ሚስቴ አራስ ቤት።

በዚያው ሰሞን የደበደበኝ ሰውዬ ሽማግሌ ይዞ ቤቴ መጣ። ሙዘይን ይባላል። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። «ቲቸር፣ ወላሂ ሌባ መስለኸኝ ነው። ሰው ሲጮህ ሰማሁ፣ መታሁ። አፉ በለኝ። ያልከኝን እክሳለሁ።»

የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ ፊቱ ላይ ልከሰክሰው ምንም አልቀረኝም።

ከጓዳ የወይንሸት ድምፅ መጣ። «መካስ ከፈለገ ገበያ ይውሰደው!»

ሽማግሌዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ሙዘይንም አልሳቀም። «እወስደዋለሁ» አለ።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ጠዋት በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አብረን ወጣን። ሰዉ መሃል ስንገባ ያው መጣብኝ... ልቤ፣ ላቤ፣ ትንፋሼ። ልሮጥ ስል ክንዴን ያዘኝ። ያ እጅ! አላሰብኩም፣ በግንባሬ አፍንጫውን መታሁት። ደሙ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። አልበቃኝም፣ ደገምኩት።

ሰዎች ከበቡን። «ምን አደረገህ? እንያዘው?» አሉት።

«ምንም። ወንድሜ ነው፣ አሞት ነው። ሂዱ፣ ሂዱ!» አላቸው ደሙን በእጁ እየጠረገ።

ክንዴን ለቀቀና አንድ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። «ቲቸር፣ መሮጥ ከፈለግክ ሩጥ። እኔም አብሬህ እሮጣለሁ። ከያዙንም ሁለታችንን ነው የሚመቱን፣ ለብቻህ አትመታም።»

ሳቄ መጣ። ጎኔ ገና አልዳነም፣ ስስቅ እንደ ቢላ ይወጋኛል። ግን ሳቅኩ... ሲያመኝ አለቀስኩ። ጆንያው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰው በላያችን ያልፋል፣ እሱ አፍንጫውን ይዟል፣ እኔ ጎኔን። ልቤ ቀስ እያለ ሲወርድ ተሰማኝ። ሳልሸሽ ሲበርድልኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

አሁንም ክትትሌን አላቋረጥኩም። ሚኒባስ ገና ነው። ገበያውን ግን ከሙዘይን ጋር ዳር እስከ ዳር እንዞረዋለን፣ አንዳንዴ እሱ ስራ ሲይዘው ብቻዬንም ሞክሬያለሁ።

ሰዎች «ይቅር አልከው?» ይሉኛል። ብርድ ሲሆንና አጥንቴ ሲጠዘጥዘኝ፣ ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልምልም። ግን ሰው መሃል ትንፋሽ ሲያጥረኝ መጀመሪያ አፌ ላይ የሚመጣው የሱ ስም ነው።