እርስዎ ያስጠኑኝ ሰባት ቤት

አባባ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሊጋቡ ያሰቡ ሁሉ መጀመሪያ እርስዎ ዘንድ ይመጡ ነበር። የሁለቱንም ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው፣ ዝምድና ካላገኙ "ይጋቡ" ይላሉ። ኮምፒውተር መጠገኛ ሱቄ መጥተው እንኳ ይህ ልማድዎ አይለቅዎትም። ከበሩ አጠገብ ወንበርዎ ላይ ሆነው ለጥገና የመጣውን ኮምፒውተር ሁሉ እያዩ "ይሄኛውስ የማን ልጅ ነው?" ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን አስረዳሁዎት። ዩኒክስ የሚባል አንጋፋ የኮምፒውተር ሥርዓት አለ። የማክ ሥርዓት ዘሩ ከዚያ ይወርዳል፤ ተፈትኖም በዩኒክስ ስም እንዲጠራ ምስክር ወረቀት ተሰጥቶታል። ሊኑክስ ግን ጠባዩ ሁሉ ዩኒክስን ቢመስልም ሌሎች ከባዶ የጻፉት ነው፤ ከዚያ ዘር አልተወለደም።

"አለመወለዱን ራሱ ያውቃል?" አሉኝ።

"ማሽን ምን ያውቃል አባባ!" ብዬ ሳቅሁ። እርስዎ አልሳቁም።

ከሞቱ በኋላ የእጮኛዬ ሽማግሌዎች ዘሬን ሊጠይቁ ከቡሬ መጡ። ያስጠኑኝን ሰባት ቤት በኩራት መቁጠር ጀመርኩ። ልጅዎ፣ አክስቴ፣ አላስጨረሰችኝም።

"በሳቸው አትቁጠሪ ልጄ፣ ኃጢአት ይሆንብናል። ጨቅላ ሆነሽ አምጥተው አሳደጉሽ እንጂ የማን እንደሆንሽ አናውቅም።"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። የአገሩን ዘር ሲያጣሩ የኖሩ ሰው፣ እኔን ሐሰት በቃሌ አስያዙኝ!

ወንበርዎ አሁንም ከበሩ አጠገብ ባዶውን ነው። ያን ቀን የጠየቁኝ ስለ ሊኑክስ አልነበረም። መልሱ ይኸውልዎት፤ አላውቅም ነበር፣ አባባ። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር።