ጀልባዋን ያስጫነው ሰው

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሕይወት ከሥራ ስትገባ ፊቷ ጥሩ አልነበረም። ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ ስልኳን አቀበለችኝ። ለትምህርት ዕድል ካመለከተችበት ቦታ የመጣ የእንግሊዝኛ መልእክት ነው። መነጽሬን አድርጌ ቀስ ብዬ አነበብሁት። ማመልከቻዋ ታይቷል፤ ውድድሩ ከባድ ነበር፤ ወደሚቀጥለው ዙር እንዳታልፍ ተወስኗል።

«ማን ነው የወሰነው?» አልኋት።

«አባዬ ደግሞ! የእንግሊዝኛ ደብዳቤ እኮ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ማን እንደሆነ አይባልም።»

«እሱንማ አውቃለሁ!» አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ደንግጣ አየችኝ። ምስኪን፣ የራሷን ኀዘን ትታ እኔን ልታረጋጋ ውኃ ልታመጣልኝ ተነሣች።

ለዚህ አጻጻፍ ጠላት አይደለሁም። ተማሪ ሳለሁ እንዲያውም ከክፍሉ የምበልጠው በእሱ ነበር። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ዓረፍተ ነገር ይጽፉና «ገልብጡት» ይሉናል። የተደረገበት ነገር ወደ ፊት ይመጣል፣ አድራጊው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ካልተፈለገም ጭራሽ ይቀራል። መድኃኒት ጠርሙስ ላይ «ከምግብ በኋላ ይወሰድ» ቢባል ማን ቅር ይለዋል? የሚወስደው በሽተኛው ነው። መንገዱ ተዘግቷል፣ ውኃው ተቋርጧል፣ ክፍሉ ጸድቷል ሲባልም ብዙ ጊዜ የምንፈልገው ነገሩን እንጂ ሰውየውን አይደለም። እኛስ ብንሆን እንግዳ ፊት ልጅ ብርጭቆ ሲጥል «ተሰበረ» ብለን አይደል የምናልፈው? ደግ ይሉኝታ ነው። የእኔ ቁስል ሌላ ነው፤ ያን ማታ ለሕይወት የነገርኋትም እሱን ነው።

በሃያ አራት ዓመቴ የአንድ ፕሮጀክት ጀልባ ነጂ ነበርሁ፤ በመሥሪያ ቤቱ አጠራር ሞተሪስት። ፕሮጀክቱ በጣና ዳር ላሉ ገበሬዎች ምርጥ ዘርና ችግኝ ያድላል። ቢሯችን እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከውኃው አጠገብ ስለነበር መስኮት ሲከፈት እርጥብ ደንገል ይሸተናል። አስተባባሪያችን አቶ ይልማ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ የተማሩ፣ ልብሳቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበሩ። ይወዱኝ ነበር። እኔም እወዳቸው ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ ይዛባል።

ወደ ሐይቁ ከመውጣታችን በፊት ዳር ካሉት ዓሣ ጠባሾች ዘንድ ቁጭ ብለን፣ ከዘይት ገና የወጣ ቀረሶ በድልህ እንበላለን። እሳቸው እሾሁን እየለቀሙ የሪፖርት አጻጻፍ ያስተምሩኛል፤ አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ እንድሠራ ይመኙልኝ ነበር።

«ሪፖርት ላይ እኔ፣ እኔ አይባልም» ይሉኛል። «ዘር ታደለ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ገበሬ ሠለጠነ፤ በቃ። ራስህን አታሳይ፣ ሥራውን አሳይ።»

ትሕትና ነው ብዬ እወድላቸው ነበር።

ነገሩ የሆነው በጥቅምት ነው። ኑጉ አብቦ ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል፤ ከሐይቁ ማዶ ወዳለችው ወደ ቁንዝላ የሚወስደው መንገድ ግን ገና ከክረምቱ ጭቃ አልወጣምና ሰውም ዕቃም የሚመላለሰው በሐይቁ ነው። ቁንዝላ የነበረንን ሥራ ጨርሰን ወደ ባሕር ዳር ልንመለስ ስንል ሐጂ ሰይድ መጡ። የአገሩ ነጋዴ ናቸው፤ ዘራችንን የምናስቀምጠው በእሳቸው መጋዘን ነው፤ ለዚህ ውለታቸው አንድም ቀን ምላሽ ጠይቀው አያውቁም። ያን ቀን ጠየቁ። የበርበሬ ጆንያዎቻቸውንና ልጃቸውን ዘይነባን ባሕር ዳር እንድናደርስላቸው ነበር።

አቶ ይልማ ዓይናቸውን ሳያሹ እሺ አሉ። ወዛደሮቹ ጆንያውን ሲደረድሩ የጀልባዋ ጠርዝ ወደ ውኃው እየቀረበ ሲሄድ አየሁ።

«ጋሼ፣ ይኼ በዛ» አልኋቸው። «ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋስ ይነሣል። ግማሹን ልተወውና ነገ በማለዳ ተመልሼ ልውሰደው።»

«ሰማዩን አታየውም እንዴ? ጥርት ያለ ነው። ነገ ጠዋት እንግዶች ይጠብቁኛል፣ ጀልባዋ ታስፈልገኛለች። ሐጂንስ ምን ብዬ ነው የምመልሳቸው?» ወደ ወዛደሮቹ ዞረው «ጫኑ!» አሉ። ወደ እኔም ዞረው «በል አስነሣ» አሉኝ።

አስነሣሁ። አለቃዬ ናቸው።

ዳሩ ከዓይናችን ሳይርቅ ነፋሱ መጣ። ጣናን የሚያውቅ ሰው ውኃው ድንገት ሲጠቁር ምን እንደሚከተል ያውቃል። ማዕበሉ ከጎን እየመታ ውኃ ያስገባን ጀመር፤ ያለን ምርጫ ጆንያ መወርወር ሆነ። አንዱ ጆንያ ተቀድዶ በርበሬው በውኃው ላይ ተበተነ፤ ዛሬም በርበሬ ከሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላለማለፍ መንገድ እቀይራለሁ። ወደ ዳር መለስኋት፤ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከውኃ በታች የነበረ ድንጋይ ሆዷን ቀደዳት። ነፍስ አልጠፋም፣ ተመስገን። የዘይነባ እግር ግን በጀልባዋና በድንጋዩ መካከል ገብቶ ተሰበረ። ጩኸቷ ቁንዝላ ገበያ ድረስ ተሰማ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ለከተማ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። ሐጂ ሰይድ አልከሰሱም። ሽማግሌ ይቀመጥ አሉ። ቄሱም ሼሁም የአገሩ ትልልቅ ሰዎችም ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ፤ የቀረው ሕዝብ ዙሪያውን ቆመ። አቶ ይልማ፣ ያን የተተኮሰ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉና ጎንበስ ብለው ቆሙ።

«ልጁ አይሆንም ብሎኝ ነበር» አሉ። «ያስጫንኩት እኔ ነኝ። አስነሣ ያልኩትም እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማሩኝ።»

አለቀስሁ። ያን ያህል የከበረ ሰው ለአንድ ጀልባ ነጂ ሲል እንደዚያ ዝቅ ይላል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ሐጂ ሰይድ ተነሥተው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱላቸውና «ለአላህ ብዬ ምሬዎታለሁ» አሉ። ከዚያ ቄሱ እንደ ደንቡ ነገሩን በግዝት አሰሩት፤ የታረቀ ነገር አይነሣም፣ ከዛሬ ወዲያ የማንንም ጥፋት ማንም እንዳያነሣ፣ ያነሣ በሰማይም በምድርም ይጠየቅ። ሁላችንም አሜን አልን። እኔ ጮክ ብዬ ነበር ያልሁት።

የዘይነባን እግር ወጌሻ አሽቶ ጠገነላት፤ መራመድ ቻለች፣ ማነከሷ ግን አልቀረም። እኔም ጀልባዋ እስክትጠገን ቢሮ አካባቢ ሽር ጉድ እያልሁ ሰነበትሁ። ከዚያ አንድ ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጣልኝ። የሞተሪስቱ አገልግሎት እንዲቋረጥ ተወስኗል ይላል። ጀልባዋ ከልክ በላይ ተጭና እንደነበር ተረጋግጧል፤ የንብረትም የሰውም ጉዳት ደርሷል።

ደብዳቤውን እንደያዝሁ አቶ ይልማ ቢሮ ገባሁና የላኩትን ሪፖርት እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። ሳያቅማሙ ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡኝ። ቆሜ አነበብሁት። ጀልባዋ ከልክ በላይ ተጭና ነበር። የአየሩ ሁኔታ በአግባቡ አልተገመተም። ጉዞው ከቀትር በኋላ ተጀመረ። አንዲት ተሳፋሪ ተጎዳች። ጉዳዩ በአካባቢው ባህል መሠረት ተፈታ። ውሸት ፈለግሁበት፤ አንድም አጣሁበት። ከታች፣ መጨረሻው አንቀጽ ላይ፣ በጊዜው ጀልባዋን ይነዳ የነበረው ሞተሪስቱ ነው ይላል። በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ያደረገ ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሐይቁን አይቶት የማያውቅ አለቃ ጥፋተኛ ሲፈልግ ከእኔ ሌላ ማንን ያግኝ?

«ጋሼ፣ ማን እንዳስጫናት የታለ?»

ቀና ብለው አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የተገረሙ ይመስላሉ።

«ታርቀን የለም እንዴ?» አሉኝ። «ቄሱ ፊት አሜን ብለን? ያለቀ ነገር እንዴት ብዬ እጽፋለሁ? ደግሞ ሪፖርት እንዲህ ነው የሚጻፈው፤ ነግሬህ የለ?»

ከልባቸው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ በአማርኛ እንዳይነሣ ተማምለናል፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ ሳይጻፍ ቀርቷል፤ እኔ ከሁለቱ መካከል ወድቄአለሁ። ሞኝነቴ ደግሞ የአገር ልጅ ሞኝነት ነው። አንድ ነገር ዋርካ ሥር ከተነገረና አሜን ከተባለ ዓለም ሁሉ የሰማው መስሎኝ ነበር።

ቁንዝላ ሄድሁ። ሐጂ ሰይድ ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ደብዳቤውን እያነበብሁ ተረጎምሁላቸው።

«ሐጂ፣ እርስዎ የሰሙትን ይጻፉልኝ» አልኋቸው።

«ልጄ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አገሩም ሰምቷል» አሉኝ። «ነገር ግን አሜን ብያለሁ። እኔ ባነሣው ዕርቁ ይፈርሳል፤ ነገ በእኔና በእሳቸው ልጆች መካከል ምን እንደሚበቅል አላውቅም። ባለጥፋቱ ራሱ ቢያነሣው ግን ማንም አይከለክለውም። ሂድና ሐጂ ደስ ይላቸዋል በላቸው። ራሳቸው ይጻፉት።»

ተስፋ ሰንቄ ተመለስሁ። አቶ ይልማን ወደቡ ላይ፣ ጀልባዋ ስትጠገን ቆመው ሲያዩ አገኘኋቸው፤ ሐጂ ያሉትን ቃል በቃል ነገርኋቸው።

«ልጆች አሉኝ» አሉ ውኃውን እያዩ። «አንተ ወጣት ነህ፣ ሌላ ታገኛለህ። እኔ ይህን ሥራ ካጣሁ...» አልጨረሱትም።

ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ድንጋይ የተሸከመ ሰው አንዲት «እኔ» የምትል ቃል ወረቀት ላይ ማስፈር አቃተው። እንደዚያ ቀን ሰውን ጠልቼም አዝኜለትም አላውቅም። ትቻቸው ሄድሁ።

የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈው በሰው ላኩልኝ፣ እሱም በእንግሊዝኛ። ታታሪነቱ ይታወቃል፣ ታማኝነቱ ይመሰከርለታል ይላል። የት? በማን? ሥራ ልጠይቅ የሄድሁበት ሁሉ ግን ወሬው ቀድሞኝ ይደርሳል፤ ደብዳቤውን ያነቡና «ያችን ጀልባ የሰበርሃት አንተ ነህ?» ይሉኛል። «አይደለሁም» እንዳልል «ማን ነው ታዲያ?» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ አሜን ብያለሁ። ጀልባ ዳግመኛ አልነዳሁም። መንጃ ፈቃድ አወጣሁና ዕድሜዬን ከባሕር ዳር ዱርቤቴ ሰው ሳመላልስ ጨረስሁት። እንጀራ አልነሣኝም፤ ልጅ አሳድጌበታለሁ። የምወደው ሥራ ግን ያኛው ነበር።

ሕይወት እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ስለ ትምህርቱ መልእክት ጭራሽ የረሳች መሰለኝ።

«ቆይ አባዬ» አለችኝ፣ «አሁን ለእኔ ስትነግረኝ ማንሣትህ አይደለም?»

ሐጂ ሰይድ ሞተዋል፤ ቄሱም አልፈዋል። አቶ ይልማ ግን በሕይወት አሉ፤ አርጅተው አዲስ አበባ ከልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ ሲሉ ሰምቻለሁ። በማግሥቱ ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ ቆርጬ ነበር። ያደረገውን ሰው ሁሉ በስሙ እጠራለሁ፣ አንድም ነገር እንዲሁ በራሱ የሆነ አላስመስልም ብዬ ነበር። የእውነተኛ ስማቸውንም ከነአባታቸው ጻፍሁት። አየሁት። አምሮልኝ ለጥቂት ጊዜ ደስ አለኝ፤ ወዲያው የእነዚያ ሽማግሌዎች ፊት መጣብኝ፤ ቀጥሎም ምንም የማያውቁት ልጆቻቸው ይህን ሲያነቡ ታዩኝ።

ይልማ የሚባል አስተባባሪ አልነበረንም። ሰውየው ሌላ ስም አላቸው። ሕይወት ረቂቁን አንብባ «ዕርቁን አክብረህ ነው ወይስ ፈርተህ?» አለችኝ፤ ይህንንም በእርግጠኝነት ልነግራት አልቻልሁም። ስሙን የሰረዝሁት ግን እኔ ነኝ።