የእኔ ጆፌና የሙላት ርግብ

ዛሬ ሰው ሁሉ የእኔን የሚያህል ጆፌ አሞራ ትቶ የሙላትን ርግብ ከቦ ዋለ!

ጎረቤታችን ጋሽ አለሙ እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ግቢያቸው ውስጥ የወፍ ሙዚየም ከፍተዋል። የሞተ ወፍ ሲመጣላቸው ቆዳውን በጥጥ ሞልተው ነፍስ ያለው አስመስለው ያቆሙታል። ያመጣው ሰው ደግሞ ከሥሩ ካርድ ላይ ስሙን በገዛ እጁ ይጽፋል።

እኔ ጆፌዬን ከደጀን ገደል አፋፍ አንስቼ፣ በአውቶቡስ አቅፌ ነው ያመጣሁት። (ከጎኔ የተቀመጠ ተሳፋሪ አልነበረም፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።) ያኔ ግን ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና ካርዱ ላይ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ።

ሙላት የማታ ትምህርት ጓደኛዬ ነው። እኔ ገጹን ጨርሼ ሳዛጋ እሱ ገና መጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ደጁ ላይ ሞታ ያገኛትን ርግብ ይዞ ሄደና ስሙን እስከ አያቱ ጻፈ።

ዛሬ እንግዶቹ "ሙላት የሚባለው የቱ ነው? እጅ ጽሑፉ ሲያምር!" ይላሉ። አንዲት ሴትዮ የእኔን ካርድ አይታ "ይሄን ደግሞ ማን አቆሸሸው?" አለች። የጣት ፊርማዬን እኮ ነው እንዲህ የምትለው!

"ጋሽ አለሙ፣ እባክዎ አሁን ስሜን ልጻፍበት" ብዬ ለመንኳቸው።

"አይሆንም ልጄ፣ የተፈረመ ካርድ አይነካም። ሌላ ወፍ አምጣ።"

ሙላት ከኋላዬ "ከጠፋ ዶሮም ይሆናል" አለኝ።

ቀናሁ፤ ምን ይዋሻል! ወገኖቼ፣ በራሱ ጊዜ የሞተ ወፍ ያየ ይጠቁመኝ፤ ከርግብ ያነሰ ግን አልቀበልም።

እናንተስ እንዲህ ያንገበገባችሁ ሰው አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ማንንም ሳላስቸግር ራሴ አነበዋለሁ።