ላሟን ይቅርታ የጠየቅኩ ዕለት

ጥፋቱ የብብቴ ነው። በመቱ ዙሪያ ላሞችን በሰው ሠራሽ ዘዴ የማዳቅል ባለሙያ ነኝ። የኮርማው ዘር በቀጭን ቱቦ ታሽጎ፣ ናይትሮጅን በተሞላ ዕቃ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይቀመጣል። ላሟ ዘንድ ስንደርስ ቱቦውን አውጥተን፣ ሙቀቱ በቴርሞሜትር በተለካ ለብ ባለ ውኃ ግማሽ ደቂቃ ያህል ነክረን እናቀልጠዋለን። ደንቡ ይህ ነው። እኔ ግን በያዮና በሶር ጭቃ ላይ ሞተር ሳይክል እየነዳሁ የሙቅ ውኃ ፔርሙስ መሸከም ስለሰለቸኝ፣ ቱቦውን ብብቴ ሥር ሸጎጥ አድርጌ፣ ከባለቤቶቹ ጋር ስለ ዝናቡ እያወራሁ አቀልጠው ነበር። ሰነፍ ብልሃት አያጣም።

ሶር ፏፏቴ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እትዬ ነበሩ። ያለቻቸው አንዲት ቀይ ላም ናት። ኮርማ ፈለገች ብለው አስጠሩኝ፤ ሄድኩ፤ ብብቴም ሥራውን ሠራ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ላሟ ደግማ አገሳች፤ አልያዘችም ማለት ነው። እንደገና ሄድኩ፤ እንደገና ብብት። ለሦስተኛ ጊዜ ስታገሳ ጎረቤት በተሰበሰበበት ራሴን ነቀነቅኩና፣ "እትዬ፣ ላምዎ መሲና ናት፤ አትወልድም" አልኩ። ቃሌ እንደ ሐኪም ቃል ተቆጠረ። ልጃቸው ለመጪው ቅዳሜ መቱ ገበያ ወስዶ ለሥጋ ሊሸጣት ቆረጠ። እትዬ የላሟን አንገት ያሹ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ዕለት መቱ ላይ ለሥልጠና ተጠራን። አሰልጣኙ ከአንድ ኮርማ የተገኙ ሁለት የዘር ጠብታዎች በማይክሮስኮፕ አሳየን። አንዱ ለብ ባለ ውኃ፣ ሌላው በኪስ ውስጥ የቀለጠ ነው። የመጀመሪያዎቹ እንደ ገበያ ቀን ባጃጅ ይሽቀዳደማሉ። ከሁለተኛዎቹ ብዙዎቹ ሞተዋል፤ የተረፉትም እዚያው ይሽከረከራሉ።

እያንዳንዱ የዘር ሕዋስ በሽፋኑ ላይ ረቂቅ በሮች አሉት አለን፤ የአዮን ቻናል ይባላሉ። ካልሲየምና ፖታሲየም የሚገቡትና የሚወጡት በእነሱ ነው። ጭራው እንዲወዛወዝ በልክ የገባ ካልሲየም ያስፈልጋል። ብርዱ ሽፋኑን ይጎዳል፤ በረዶው እያዘገመ ከቀለጠ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ በሮቹም በወጉ አይዘጉም። ያኔ ካልሲየሙ ይጎርፍና ዘሩ ጉልበቱን ያለጊዜው ይጨርሳል።

"ሙሽራዋ ቤት ሳይደርስ በመንገድ ጨፍሮ የደከመ ሚዜ በሉት" አለ አሰልጣኙ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቀይዋ ላም ዓይኔ ላይ ቆመችብኝ፤ ቅዳሜ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሶር ደረስኩ። "እትዬ፣ ጥፋቱ የላሟ አይደለም፣ የእኔ ነው" አልኩና ስለ ብብቴም፣ ስለ በሮቹም ነገርኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

"ታዲያ በረኛው አንተ ነበርክ በለኛ" አሉ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ስሟን ያጠፋኸው በሰው ፊት ነው። ዺፋማውንም በሰው ፊት ትጠይቃታለህ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ።"

በዚያ አገር ወግ ዺፋማ፣ ማለትም ይቅርታ፣ የሚጠይቅ ሰው ለምለም ሣር ይይዛል። ጎረቤቱ ተጠራ። እኔ ትልቁ ሰውዬ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሣሩን በሁለት እጄ ይዤ ላሟ ፊት ጎንበስ አልኩ። "መሲና ያልኩሽ ያለ ጥፋትሽ ነው፤ ይቅር በይኝ።" ላሟ ሣሩን አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እትዬ ግን አልሳቁም። ሣሩን ተቀብለውኝ ከጣሪያው ክዳን ሥር ሻጡት።

"አልታረቀችህም" አሉ። "ስትወልድ ትነግርሃለች።"

ልጃቸው ከላሟ አንገት ላይ ገመዱን ፈታ። ገበያውም ቀረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ላሟ ስታገሳ ፔርሙሴን ተሸክሜ በረርኩ። መንገድ ላይ ጭቃው ከነሞተሬ ጣለኝና ቴርሞሜትሩ ተሰበረ። ግራ ገብቶኝ ስቆም እትዬ ውኃውን በሳህን አስቀዱኝና ክርናቸውን ነከሩ። ትንሽ ቀዝቃዛ ጨመሩበት፤ ደግመው ነከሩ።

"ስድስት ልጅ ያጠብኩት በዚህ ክርን እየለካሁ ነው። ቶሌ፣ መልካም ነው፤ አሁን ክተተው።"

ከተትኩት። ብብቴን አጥብቄ ገጥሜ ቆጠርኩ።

ከዚያ በኋላ ላሟ አላገሳችም። ወሯ ደርሶ እትዬ ሲያስጠሩኝ፣ ግንባሯ ነጭ የሆነ ጥጃ እግሯ እየተብረከረከ ትጠባለች። እትዬ ከጣሪያው ሥር ያንን ሣር መዘው ሰጡኝ። ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ጎንበስ ብዬ ዘረጋሁላት። ላሟ አሸተተችው፤ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አንዷን እንኳ ሳታስቀር ከእጄ ላይ በላችው።