አቤራ የጠጡበት ቦታ

የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አቤራ የምንላቸው፣ ካረፉ አርባ ቀን ሆነ። ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት ነገር ነበረቻቸው፦ «ከብት የጎደለውን ያውቃል፤ ሰው ግን እስኪነግሩት አያውቅም።» ሮቤ ላይ የከብት ጨው ለምሸጥ ለእኔ የምትመች አባባል ነበረች።

በመጨረሻው ዓመት መርሳት ያዛቸው። ጎባ ያሳየናቸው ሐኪም የደም ምርመራውን አይቶ፣ «ዚንክ የሚባለው ማዕድን አንሷቸዋል። መርሳቱን ያመጣው እሱ ይሁን፣ ወይስ መርሳቱ ምግብ አስረስቷቸው ይሁን ያነሰው፣ አላውቅም» አለኝ። ነጋዴ እንዲህ ቢናገር ደንበኛ አይኖረውም። ኪኒኑን ሰጠኋቸው፤ ተፉት።

ከብቶቻችን ሆራ፣ ያ ማዕድን ያለበትን የምንጭ ውሃ፣ ሊጠጡ በተነዱበት ጠዋት አቤራ ከቤት ጠፉ። ሮጬ ስደርስ በሁለት በሬዎች መካከል ተንበርክከው፣ እንደ በሬዎቹ አፋቸውን ደፍተው ይጠጣሉ።

«አቤራ፣ ይነሱ እንጂ! ሰው ምን ይላል?»

ቀና አሉ። ለወራት «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ሲሉኝ የከረሙት ሰው በስሜ ጠሩኝና፣ «ጨውህ አሸዋ አለበት» አሉኝ። እውነት ነው፤ ትንሽ አለበት።

አፍሬ ወደ ቤት መለስኳቸው፣ በሩንም ቆለፍኩ። ሆራ ዳግመኛ አልወሰድኳቸውም። ስሜንም ከአፋቸው ዳግመኛ አልሰማሁም።

ትናንት ከከብቶቹ ጋር ወረድኩ። ተጋፍተው ሲጠጡ መሃል ላይ የአንድ ሰው ትከሻ የሚያህል ቦታ ክፍት ትተዋል። የሚነዳቸው ጎረቤታችን በዱላ ቢገፋቸውም አንዷም አልገባችም።

«በል እንግዲህ አንተ ጠጣበት» አለኝ።

አልደፈርኩም።